እናቴ እርፍ የጨበጠችበት ክረምት

እናቴን ባለፈው ጥር ዓለም ጤና ቀበርናት። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ጢም ብሎ፣ አንድ ከረባት ያሰረ የዕድር ሰው ወረቀት ዘርግቶ የሕይወት ታሪኳን ማንበብ ጀመረ። ተወለዱ፣ አደጉ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ልጆች ወለዱ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ወይዘሮ አስካለ በቤት እመቤትነት ትዳራቸውን አክብረው የኖሩ፣ ዝምተኛና ጭምት እናት ነበሩ» አለ። እኔ ሐዘኑንም፣ ሬሳውንም፣ የተሰበሰበውንም ሰው ረስቼ «ማን? ማን ነው ጭምት?» ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ ለማ ክርኔን ጨብጦ «ተይ እንጂ ጫልቱ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ በሹክሹክታ።

ይስማ! ሰውየው ምን ያድርግ፣ አያውቃትም፤ የጻፉለትን ነው ያነበበው። እኛም በለቅሶ ደንዝዘን ወረቀቱን ማን እንዳዘጋጀው እንኳ አልጠየቅንም። ግን እናቴ የቤት እመቤት አልነበረችም። አራሽ ነበረች። በሬ ጠምዳ፣ እርፍ ጨብጣ፣ ጅራፍ አጩሃ ያረሰች ሴት ናት። ሴት እርፍ ስትጨብጥ አይቶ የማያውቅ አገር ውስጥ ነው ይህን ያደረገችው። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ይህን ካልተናገርኩ ሆዴ አይችለውም።

እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የባጃጅ ጥሩምባና የታክሲ ረዳት ጩኸት ነው የምሰማው። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ፣ በሞጆ አድርጌ፣ ቆቃን አልፌ ወደ ገጠሩ ቤታችን ሄድኩ። እሷ የሌለችበት የመጀመሪያው ክረምት ስለሆነ ለማ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔው ነኝ ብቻዬን መሆን ያቃተኝ።

ክረምት በእኛ በኩል እንደ ደጋው ጭቃና ጉም አይደለም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ናት። ከምሳ በኋላ በቆቃ በኩል ደመናው ይቆለላል፤ ነፋሱ አቧራ ያስነሳል፤ ከዚያ አንዴ ወርዶት ወርዶት ያባራል። ካባራ በኋላ ግራሩ ጠብ ጠብ ሲል፣ መሬቱ ሲሸት፣ ከብቱ ቆሞ ሲያመሰኳ፣ ሌላ ድምፅ የለም። ለማ በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣበት የውሃ ሞተር እንኳ በክረምት ዝም ይላል። በር ላይ ተቀምጬ ያን ፀጥታ ሳዳምጥ ውዬ አመሸሁ። ሰው ለዕረፍት ሲመጣ የሚመኘው ፀጥታ ነው፤ እኔን ግን አናደደኝ።

እሷ እያለች ፀጥታ የሚባል ነገር የት ይታወቃል! ከሁሉም ጋር ታወራለች። ዶሮዋን ትመክራለች፣ ድስቷን ትቆጣለች፣ አጥሩን «አንተ ደግሞ ቆመሃል ተብለህ ነው?» ትለዋለች። ደመናው ጠቁሮ ጠቁሮ አልፎን ወደ ደቡብ ሲሄድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሂድ፣ መቂ ላይ ጣለው! አድርባይ!» ብላ ትሰድበዋለች። ስትራመድ እጇን እንደ ሽማግሌ ኋላዋ ላይ አጣምራ ነው። ማሳ ዳር ስትደርስ ጎንበስ ብላ አፈር ትዘግንና ጨብጣ፣ ዘርግታ፣ አሽትታ ነው የምትጥለው። እኛን ስትዳብስ በመዳፏ ዳብሳን አታውቅም። መዳፏ ይቧጥጣል፤ ስለዚህ በእጇ ጀርባ ነበር ጉንጫችንን የምታሻሸው። እኔ እናት ሁሉ እንደዚያ የሚዳብስ ይመስለኝ ነበር። አዳማ የጓደኛዬ እናት በመዳፏ ጉንጬን የዳበሰችኝ ቀን ገርሞኝ ለእማዬ ነገርኳት፤ እሷም እየሳቀች «የከተማ ሴት መዳፍ ምን ያውቃል» አለች።

የምንጃር ልጅ ናት። አባቴ ቶላ ደግሞ የዱግዳ ኦሮሞ ነው። አዳማ ገበያ ተያይተው፣ ተዋድደው፣ ይዟት መጣ። ኦሮምኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፤ ዜማው ግን እስከ መጨረሻው የምንጃር ነበር። ጎረቤት «አስካለ ኦሮምኛን በአማርኛ ትዘፍነዋለች» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷም አትቀየምም። ስታለቅስ ያየናትም ጥቂት ጊዜ ነው። እኛ ስናለቅስ ደግሞ «አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። ሲጨርስልሽ ግን ፊትሽን ታጠቢ፤ ሰው ያለቀሰ ፊት ካየ ዋጋ ይሰብራል» ትላለች። እኔ እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምሠራው በዚህ ምክሯ ነው።

ብዙ ክረምት አርሳለች፤ ለማ ጎርምሶ እርፉን እስኪቀበላት ድረስ። እኔ የምነግራችሁ ግን ስለ መጀመሪያው ክረምት ነው።

ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በጋውን አዳማ፣ የእማዬ እህት እትዬ በላይነሽ ዘንድ እየኖርኩ እማራለሁ፤ ክረምት ሲሆን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ አባቴን ወባ ያዘው። ያዘው ሲሉኝ ሰምቼ፣ ሞተ ሲሉኝ ደረስኩ። ቀብረነው፣ ሐዘን ተቀምጠን፣ ፈተና እንዳያመልጠኝ ተብሎ እያለቀስኩ ወደ አዳማ ተመለስኩ። ለማ ገና ጡት ያልጣለ ነበር።

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እኔም ቦርሳዬን አዝዬ መጣሁ። ዓለም ጤና ከአውቶቡስ ወርጄ የእግር መንገዱን ተያያዝኩት። ቤታችን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ማሳችን ላይ አንድ ሰው ሲያርስ አየሁ። ኦቦ ገመዳ ነው ብዬ አሰብኩ። ኦቦ ገመዳ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ረጅም፣ ሰው የሚፈራውና የሚወደው፣ የአካባቢው የደቦ አለቃ ነበር። ስጠጋ ግን የሚያርሰው ሰው ቀሚስ ለብሷል። ነጠላውን ወገቡ ላይ ጠምጥሟል። ቀሚሱን ጉልበቱ ድረስ ሰብስቦ ሸጉጧል። ኧረ በስመ አብ! እማዬ ናት!

ያየሁት አስተራረስ ግን ለወግ የሚበቃ አልነበረም። በሬዎቹ ዳማና ቡሬ ይባላሉ። ትልሙን ጨርሰው መዞር ሲገባቸው ዝም ብለው ፊት ለፊት ይገሰግሳሉ፤ እሷ ከኋላ እየተጎተተች «ተመለስ! ተመለስ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ! ተመለስ እኮ ነው የምልህ!» ትላለች። እነሱ ማን ሰምቷት! ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ ቀጥ ብለው የጎረቤታችን የአደ ዲንቄ በቆሎ ውስጥ ገቡ።

አደ ዲንቄ አጥሯ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። በቆሎዋ እየተረገጠ እኮ ነው! «አስካለ ኮ፣ አስካለ የኔ! አማርኛ አይሰሙም! ዴቢኢ በያቸው፣ ዴቢኢ!»

በሬዎቹን አሠልጥኖ ያሳደጋቸው አባቴ ነው። በኦሮምኛ ሂዱ ይላቸዋል ይሄዳሉ፤ በኦሮምኛ ተመለሱ ይላቸዋል ይመለሳሉ። እማዬም ይህን አጥታው አይደለም። ግን ሰው ሲናደድ አፉ ላይ የሚመጣለት የእናቱ ቋንቋ ነው። በቆሎው መሀል ቆማ ላቧን ጠረገችና «እኔ እዚህ ስኖር የእነሱን ተማርኩ፤ እነሱ የእኔን ትንሽ ቢማሩ ምን አለበት!» አለች። ቀጥላ እያፈረች፣ ለስለስ አድርጋ «ዴቢኢ» ስትላቸው ዳማና ቡሬ እንደ ጨዋ ልጅ ዞረው ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው እኔን ያየችኝ። እርፉን ለቀቀች። ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበች፤ መዳፏ ውሃ ቋጥሮ፣ ውሃው ፈንድቶ፣ ደም ሆኗል።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«አታይም? እያረስኩ ነዋ።»

ነገሩን ያቺኑ ዕለት ማታ እጇን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ነገረችኝ። በእኛ አገር ያን ጊዜ ማሳ የሚታረሰው በደቦ ነበር፤ ጂጊም ይሉታል። ዛሬ ሁሉም በሬውንና ክንዱን ይዞ የአንዱን ማሳ ያርሳል፤ ነገ የሌላውን፤ እንዲህ እያለ ተራው ይዞራል። መሬታችን ቀላል ነው፣ ዝናብ ከመታው በኋላ ቶሎ ይደርቃል፤ ብቻውን የሚያርስ ሰው ግማሹን ሳያዳርስ እርጥበቱ ያልፍበታል። ስለዚህ ደቦ ውስጥ ተራ የሌለው ሰው መሬት አለኝ ቢል ወሬ ነው። ወንድ የሌለበት ቤት ደግሞ ተራ የለውም። ባል የሞተባትን ሴት ለነፍስ ብለው አንድ ቀን መጥተው ያርሱላታል፤ እሱንም የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ። ሌላው መንገድ መሬቷን ለእኩል መስጠት ነው፤ አራሹ ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። አፍ ላይ ደህና ነው። ግን ከዓመት ዓመት የአራሹ ድምፅ እየወፈረ፣ የሷ እየቀጠነ ይሄድና በስተመጨረሻ በገዛ መሬቷ ላይ እንግዳ ትሆናለች።

ኦቦ ገመዳ የአባቴ አርባ እንደወጣ መጥቶ «አስካለ ኮ፣ አትጨነቂ። የወንድሜን መሬት እኔ አርሰዋለሁ፤ እኩል እንካፈላለን። አንቺ ልጆችሽን አሳድጊ» አላት። ክፉ አስቦ አልነበረም። ጥሩ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ደግነት ነው ያቀረበላት። እሷም እጅ ነስታ «እግዜር ይስጥልኝ ኦቦ ገመዳ። እኔ የምፈልገው ግን አራሽ አይደለም፤ ተራ ነው። ደቦው ላይ የቶላን ተራ ስጡኝ» አለችው።

«የማንን ክንድ ይዘሽ?»

«የራሴን።»

አብረውት የመጡት ወንዶች ሳቁ። አንዱማ «ሴት እርፍ ከጨበጠች ዝናብ ይቀራል! ልትፈጂን ነው?» አለ። ኦቦ ገመዳም በመጨረሻ «እኔ እሺ ብል እንኳ ሰው እሺ አይልም» ብሎ ሄደ። በማግስቱ እማዬ ለማን ለአደ ዲንቄ ሰጥታ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ከጓሮ አውጥታ ወደ ማሳው ወረደች።

«ባይሆንልሽስ?» አልኳት።

«ካልሆነማ ያው አዳማ ነው። በላይነሽ አንድ ክፍል አለቻት፣ አራተኛና አምስተኛ ሆነን እንደረባለን።» እጇን ከውሃው አወጣችና አየችው። «እዚያ እንግዳ ነን ጫልቱ። የእንግዳ ክብሩ ሦስት ቀን ነው። እዚህ ግን ባለ ማሳ ነኝ።»

እንግዲህ በዚያ ክረምት የሆነውን ስሙልኝ። ዝናቡ ቀረ!

ሰኔ ላይ ጣል ጣል አድርጎ አስጀምሮን ነበር። ሐምሌ ሲብት ጠፋ። ደመናው በቆቃ በኩል ይቆለላል፣ ይጠቁራል፣ ይበተናል። የዘሩት በቆሎ ጫፉ ተጠቀለለ። ቀኖቹ ረጅምና ፀጥ ያሉ ሆኑ፤ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ያያል። ሰማዩን ሲጨርስ ደግሞ እኛን ማየት ጀመረ። ማንም ፊቷ ቆሞ አይናገራትም፤ ግን ውሃ ልቀዳ ስሄድ ወሬ ይቋረጣል። አንዲት እኩያዬ «እናትሽ ናት አሉ» አለችኝ። ማድጋዬን ጥዬ ፀጉሯን ያዝኩት። አፌም እጄም በእማዬ ነው የወጣው፣ ምን ላድርግ!

አንድ ቀን የአካባቢው ሴቶች እርጥብ ሣር ይዘው ዝናብ ለመለመን ወደ ወንዙ ወረዱ። እማዬም ሣሯን ይዛ ወጣች። ሴቶቹ እየዘመሩ በሰልፍ ሲሄዱ ከፊቷም ከኋላዋም ክፍት ቦታ ትተውላት ነበር። እኔ ከዳር ሆኜ አየሁት። አደ ዲንቄ ከፊት መስመር ወጥታ፣ ዞራ መጥታ፣ ያን ክፍት ቦታ ገብታ ሞላችውና የእማዬን ክንድ ይዛ መዝሙሯን ቀጠለች። እግዜር ነፍሷን ይማር፤ ያችን ቀን እስክሞት አልረሳላትም።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌዎቹ የመጡት። ኦቦ ገመዳና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ መጥተው ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ሰላምታው ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው ተጠያየቁ። ከዚያ ኦቦ ገመዳ በከዘራው መሬቱን እየጫረ «አስካለ፣ ሰው ብዙ ይላል» አለ።

«ምን ይላል?»

«ታውቂዋለሽ። ዝናቡን የያዘችው እሷ ናት ይላል። እኔ ይህን አላልኩም። ግን ሰው ሆድ ሲብሰው ክፉ ነው። እርፉን አስቀምጪው። መሬቱን እኔ ልያዝልሽ፤ ነገሩ ይብረድ።»

እማዬ ቆማ ነበር የምትሰማው። «ኦቦ ገመዳ፣ ዝናቡ መቂም ቀርቷል?» አለችው።

«ቀርቷል።»

«ዝዋይስ?»

«እዚያም ቀርቷል ይላሉ።»

«እንግዲህ የዚህን ሁሉ አገር ዝናብ የያዝኩት እኔ ከሆንኩ፣ እናንተ ልትመክሩኝ አይደለም መምጣት ያለባችሁ፤ ልትለማመጡኝ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኦቦ ገመዳ ግን አልሳቀም። እሷም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እሺ፣ ይሁን፣ እኔ ነኝ። በእኔ ከቀረ ሲመጣም በእኔ ነው ማለት ነው። እርፉን አሁን፣ እዚሁ እናንተ ፊት አስቀምጣለሁ። እናንተም ዝናቡ የዘነበ ቀን ሕዝቡን ሰብስባችሁ ‹ዝናብ የሰጠችን አስካለ ናት› ብላችሁ ልታመሰግኑኝ ቃል ግቡልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ገመዳ በከዘራው መጫሩን አቆመ። «ዝናብ የእግዜር ነው። ለሰው አይመሰገንም» አለ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች እማዬ።

መርቀዋት ተነሥተው ሄዱ። እኔ በደስታ ልዘል ደረስኩ፤ እንዲህ አድርጎ አፍ የሚያስይዝ ሰው አይቼ አላውቅም። ዞር ስል ግን እማዬ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ፈርታ ነበር። «ባይዘንብስ ጫልቱ?» አለችኝ። «ነሐሴ ሲገባም ባይዘንብ፣ እነዚህ ልጆች ምን ይበላሉ? ምን በልቼ ነው እንዲህ የምናገር!» እኔም አለቀስኩ፤ «አዳማ እንሂድ እማዬ፣ ተይው» አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ዳማንና ቡሬን ጠመደች።

እንግዲህ ዝናቡ የመጣ ዕለት እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ቀትር አልፏል። ደመናው እንደወትሮው ተቆልሎ ነበር፣ ማንም ቁም ነገር ብሎ አላየውም። አንድ ነፋስ መጣና አቧራውን አነሣው፤ ከዚያ ጠብ አለ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እማዬ ከቤት ወጣች። ማሳው መሀል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ወደ ላይ አንጋጣ «ምነው! ምነው! ስሜን ስታስጠፋ ከርመህ!» ብላ ጮኸችበት። እየሳቀች ነበር። እያለቀሰችም ይሆናል፣ በዝናብ ውስጥ ምኑ ይለያል።

ዝናቡ ሲያድር ሲያነጋ ቆየና መሬቱ ጠገበ። የጤፍ ዘር ጊዜ ጠባብ ነው፤ እርጥበቱ ሳይሸሽ ደቦው በአስቸኳይ መዞር ነበረበት። የመጀመሪያው ተራ የኦቦ ገመዳ ነው። ጎህ ሲቀድ አጥራችን ዘንድ ሰው ብቅ አለ፤ ኦቦ ገመዳ ነው። እማዬ እጇን አጣጥፋ ወጣች። እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ አዳምጣለሁ።

«ደህና አደርሽ አስካለ። ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ? ምነው በማለዳ?»

«ደቦው ዛሬ የእኔ ነው። ልጄን ትናንት እግሩን ማረሻ ወግቶት ተኝቷል። የሱ ጥማድ ሰው የለውም። መሬቱ ደግሞ አይጠብቅም።»

«እና?»

ኦቦ ገመዳ ወደ ማሳችን አየ። ያ ኩሩ ሰው አፉ ላይ ቃል ሲጠፋው ሳይ አሳዘነኝ፤ እማዬ ግን አላገዘችውም።

«ያንቺን ትልም ሳልፍ ሳገድም ሳየው ሰንብቻለሁ» አለ። «መጀመሪያ የዶሮ ጭረት ነበር። አሁን ግን ቀጥ ብሏል።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«ዝናብ ያገኘ ሰው ብዙ አያወራም።»

እማዬ ፈገግ አለች። ግን ነገሩን አልለቀቀችም። «ኦቦ ገመዳ፣ ቃሉን ከአፍዎ ልስማው። ዛሬ ለእርስዎ ካረስኩ፣ የእኔ ተራ መቼ ነው?»

«ነገ» አለ።

እማዬ ጠመደች። እኔ ለማን አዝዬ ተከተልኳት። ማሳው ላይ ስትደርስ ወንዶቹ ዘፈናቸውን አቆሙ። የጅራፍ ድምፅ እንኳ ጠፋ። ያ ዝናብ ይቀራል ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ ቀንበሩን ያጠብቃል። እማዬ ማንንም ሳታይ ከመስመሩ ጫፍ ገባች፣ እርፉን ጨበጠች፣ «ዴሚ!» አለች። ዳማና ቡሬ ተነሡ። አንድ ትልም ሄዳ ተመለሰች። ሁለተኛውን ሄዳ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ዘፈኑን ካቆመበት አነሣው፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላየም፤ ሁሉም ያርስ ነበር።

ፀሐይዋ ስትበረታ ምሳ ተባለ። አራሾቹ ግራሩ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። እማዬ በሬዎቿን ፈትታ፣ በልማዷ ሴቶቹ ወጥ ወደሚያማስሉበት ሄደች። ጭልፋ ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ አደ ዲንቄ ገፋ አደረገቻት። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? አራሽ ጭልፋ አይዝም!»

ያኔ ኦቦ ገመዳ ከግራሩ ሥር «አስካለ!» ብሎ ተጣራ። «አራሽ የሚቀመጠው ወዲህ ነው።»

ሄደች። ወንዶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። አንድ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ እጅ ያስታጥባል፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ኦቦ ገመዳ ተነሣና ማንቆርቆሪያውን ከልጁ ወሰደ። ለትንሽ ወንድሙ ሚስት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጎንበስ ብሎ እጇን አስታጠባት። ውሃው ቁስሉን ሲነካው ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ፤ እጇን ግን አልሰበሰበችም። ያቺ ደመና የምትሰድብ፣ ሽማግሌ አፍ የምታስይዝ ሴት አንዲት ቃል አልወጣትም። ከወንዶቹ ጋር ከአንድ ገበታ በላች። እኔ ለማን ታቅፌ ከዳር ቆሜ «እናቴ ናት! ያቺ እናቴ ናት!» ብዬ መጮህ አማረኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የበሬ ኮቴ ሰማን። በመንገዱ ላይ ቀንበር ትከሻቸው ላይ ያደረጉ ሰዎች ጥማድ ጥማዳቸውን እየነዱ ወደ እኛ ማሳ ይመጣሉ፤ ኦቦ ገመዳ ከፊት ነው። እማዬ የአባቴን ኮት ደርባ ማሳው አፋፍ ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። በደቦ ወግ ሥራው ከየት እንደሚጀመር የሚጠየቀው ባለ ማሳው ብቻ ነው። ኦቦ ገመዳም ፊቷ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ባለ ማሳ፣ ከየት እንጀምር?» አላት።

እናቴ ማሳዋን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ «በመንገዱ በኩል» አለች። «አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያየን።»